ከፓስተር ወረንጦ እስከ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ፦ የመስታወት ምስል አሚኖ አሲዶችን የመለየት ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ። የመረጥኩት ግን በወጣትነቴ በዚሁ ጉዳይ አንድ ስሕተት ስለሠራሁ ነው፤ እርሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከግላይሲን በቀር ፕሮቲን የሚገነቡት መደበኛ አሚኖ አሲዶች በሙሉ በሁለት ቅርጽ ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው፤ እንደ ግራና ቀኝ እጃችን ማለት ነው። ኤል እና ዲ ብለን እንጠራቸዋለን። ሕይወት ያላቸው ነገሮች ፕሮቲናቸውን የሚሠሩት ከኤል ነው። የሁለቱ ክብደት አንድ ነው፤ የመቅለጫ ሙቀታቸውና በውኃ የመሟሟት መጠናቸውም እንዲሁ። ስለዚህ የተለመደው የክሮማቶግራፊ ኮለም ሁለቱን እኩል ይዞ እኩል ይለቃቸዋል። ግራ እጅን ከቀኝ እጅ በኳስ መለየት አይቻልም፤ የቀኝ ጓንት ግን ወዲያውኑ ይለያቸዋል። ለዪው ራሱ ግራ ወይም ቀኝ መሆን አለበት።

በ1848 ሉዊ ፓስተር ፓሪስ ውስጥ የታርታሪክ አሲድን ጨው ክሪስታሎች በወረንጦ አንድ በአንድ እያነሣ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ አስቀመጠ። ሥራው የሚደነቅ ቢሆንም ዕድልም አግዞታል፤ ያ ጨው ቀዝቀዝ ባለ ሙቀት ሲረጋ ሁለቱ ቅርጾች የየራሳቸውን ክሪስታል የሚሠሩበት ብርቅ አጋጣሚ ነውና። ለአሚኖ አሲዶች መንገድ የከፈተው ኤሚል ፊሸር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ብሩሲንና ስትሪክኒን የተባሉትን የዕፅዋት መርዞች ተጠቀመ። መርዞቹን የሠራቸው ተክል ስለሆነ በአንድ ቅርጽ ብቻ ይገኛሉ፤ ጓንት ሆነው ያገለገሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዘዴው ግን ብዙ ናሙናና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። በ1940ዎቹ በእንግሊዝ የወረቀት ክሮማቶግራፊ ከተፈጠረ በኋላ አንዳንድ አሚኖ አሲዶች በወረቀቱ ላይ አንድ ነጠብጣብ መሆን ሲገባቸው ሁለት ሆነው ታዩ። ዳልግሊሽ በ1952 እንዳስረዳው ለዪው ወረቀቱ ራሱ ነበር። ወረቀት ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ ከአንድ ቅርጽ ግሉኮስ ብቻ የተሠራ ነው። ተመራማሪዎቹ ሳያውቁት ጓንት በእጃቸው ይዘው ነበር።

አውቆና አቅዶ ጓንቱን የሠራው ሞስኮ የሚገኘው የሮጎዢንና የዳቫንኮቭ ቡድን ነው። ኤል-ፕሮሊንን በፖሊስታይሪን ሬዚን ላይ በኬሚካል ትስስር አጣበቁና የመዳብ አዮን ጨመሩበት። መዳቡ በአንድ በኩል የተጣበቀውን ፕሮሊን፣ በሌላ በኩል የሚያልፈውን አሚኖ አሲድ ይይዛል። በዚህ መንገድ የሚፈጠሩት ሁለት ውሕዶች የመስታወት ምስል አይደሉም፤ ጥንካሬያቸው ይለያያል፤ ስለዚህ አንደኛው ቅርጽ ቀድሞ ይወጣል፣ ሌላው ይዘገያል። በ1971 በእንግሊዝኛ የወጣው አጭር ጽሑፋቸው፣ በእኔ ግምት፣ የዘመናዊው ዘዴ መነሻ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የ1979ኙን ሥራ ነው። ኤድጋር ሄር በአሜሪካ የካርኔጊ ተቋም በቅሪተ አካል ዛጎሎች ውስጥ ያሉ አሚኖ አሲዶችን ያጠና ነበር። አማኑኤል ጊል-አቭ ደግሞ ከእስራኤሉ የቫይዝማን ተቋም ነበር፤ በ1966 በጋዝ ክሮማቶግራፊ የአሚኖ አሲድ ተዋጽኦዎችን ሁለት ቅርጾች ከባልደረቦቹ ጋር ለይቷል። ሁለቱ ኮለሙን አልነኩትም። የተለመደውን የአዮን መለዋወጫ ኮለም ወስደው የፕሮሊንና የመዳብ ውሕድን በሚያልፈው ፈሳሽ ውስጥ ጨመሩ። ቅርጾቹ ተለያዩ። በዚህ አላቆሙም። ኤል-ፕሮሊንን በዲ-ፕሮሊን ሲተኩ የአወጣጡ ቅደም ተከተል ተገለበጠ፤ የሁለቱን እኩል ድብልቅ ሲጠቀሙ ልዩነቱ ጠፋ። ተማሪዎቼ፣ ይህችን ሙከራ ልብ በሉልኝ። የታየው ልዩነት ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የመርቺሰን ተወርዋሪ ድንጋይ ታሪክ ያሳያል። ድንጋዩ በመስከረም 1969 አውስትራሊያ ውስጥ ወደቀ። በ1970 የወጣው ጥናት በውስጡ ያሉት ዲ እና ኤል መጠናቸው ተቀራራቢ ነው አለ። በ1982 ኤንግልና ናጊ የኤል ብልጫ አገኘን አሉ፤ ባዳና ባልደረቦቹ ግን ብልጫው ከምድር ብክለት የመጣ ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። ክርክሩን ወደፊት ያራመዱት ክሮኒንና ፒዛሬሎ ናቸው። በ1997 እንደ አይሶቫሊን ያሉ፣ በምድር ሕይወት ውስጥ የሌሉ ወይም እጅግ ብርቅ የሆኑ አሚኖ አሲዶችን መርጠው መጠነኛ የኤል ብልጫ አገኙ። እነዚህ ከዋናው ካርቦን ላይ ሃይድሮጅን ስለሌላቸው እንደሌሎቹ በቀላሉ ቅርጽ አይለውጡም።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ የእንጀራ እርሾ አጠና ነበር። በእጄ የነበረው አንድ ተራ ኮለም ብቻ ስለነበር በ1984 የታወቀውን የማርፊን ሬኤጀንት ተጠቀምኩ። ይህ ሬኤጀንት ከኤል-አላኒን የተሠራ ነው፤ ከአሚኖ አሲዱ ጋር ሲጣበቅ ሁለቱ ቅርጾች የመስታወት ምስልነታቸውን ያጡና በተራ ኮለም ይለያያሉ። ለድሀ ቤተ ሙከራ ትልቅ ጸጋ ነው። ፕሮቲኑን በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት ቀቀልኩት። ዲ-አስፓርቲክ አሲድና ዲ-አላኒን ወጡ። ሁለቱንም ባክቴሪያዎቹ ሠሯቸው ብዬ የጽሑፌን ምዕራፍ ጨረስኩ።

መምህሬ ረቂቁን አንብበው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ዲ የሌለበት ንጹሕ ፕሮቲን አብረህ ቀቅለሃል?» አልቀቀልኩም ነበር። አሲዱና ሙቀቱ ራሳቸው ከኤል የተወሰነውን ወደ ዲ ይለውጣሉ፤ አስፓርቲክ አሲድ ደግሞ በዚህ ረገድ ከሁሉ ይበልጥ ተጋላጭ ከሆኑት አንዱ ነው። ኮለሙ አልዋሸኝም፤ የደረሰውን ለይቶ ሰጠኝ። እኔ ግን እርሾውን የለካሁ መስሎኝ የራሴን ድስት ለክቼ ነበር።

ሙከራውን ከንጹሕ ፕሮቲን ጋር ደገምኩት። የአስፓርቲክ አሲዱ ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ምዕራፉም አብሮ ሄደ። ዲ-አላኒኑ ግን ከንጹሑ ፕሮቲን በብዙ በልጦ ቀረ። የባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳ ዲ-አላኒን እንዳለው ከቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ግኝት ሊባል አይችልም። ቢሆንም ያንን ክሮማቶግራም እስከ አሁን በመሳቢያዬ አስቀምጬዋለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ካለ ቢሮዬ ይምጣ።