ጎንዶሮና ወሰን፦ ስለ ጌዴኦና ስለ ጉጂ ዕርቅ አጭር ጥናት

ስለ ጌዴኦና ስለ ጉጂ ወንድማማችነት ሲነገር አስቀድሞ የሚጠቀሰው ዳራሶና ጉጆ ወንድማማቾች ነበሩ የሚለው አፈ ታሪክ ነው። እኛ ግን የመተሳሰራቸውን ምክንያት ከትውልድ ሐረጉ ይልቅ በኑሮአቸውና በዕርቅ ሥርዓታቸው ብንፈልገው ይሻላል እንላለን።

ጌዴኦ በተዳፋት ምድር እንሰትንና ቡናን ከዛፍ ጥላ ሥር አንድነት የሚያለማ ገበሬ ነው፤ ምድሩ ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። ጉጂ ደግሞ ከብት አርቢ ነው። ስለዚህ በዲላና በአካባቢው ገበያዎች የአንዱ ቆጮና ቡና የሌላውን ቅቤና ሰንጋ ሲፈልግ ኖሯል። መሬት የጠበበው ጌዴኦም ወደ ጉጂ አገር ተሻግሮ ሲያርስ ኖሯል፤ ሁለቱን ቋንቋ የሚናገርም ብዙ ነው። ጌዴኦ ሥርዓቱን ባሌ፣ ጉጂ ገዳ ቢለውም፣ በሁለቱም ዘንድ መሪው አባ ገዳ ይባላል።

በመካከላቸው ደም በፈሰሰ ጊዜ የሚፈጸመው ታላቅ ዕርቅ ጎንዶሮ ነው። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው በደሉ በግልጽ ይነገራል፤ ከዚያም ጠቡ በመሐላ ይዘጋል። መሐላውን ያፈረሰ በራሱና በዘሩ ላይ መዓት ያመጣል ተብሎ ይታመናል። (በወረቀት የተፈረመ ውል እንዲህ ያለ ዋስ ማግኘቱን እንጠራጠራለን።)

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሁለቱም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ክልል በቋንቋ ሲከለል ግን ጉጂ በኦሮሚያ፣ ጌዴኦ በደቡብ ሆኑ። ቀድሞ በጎረቤቶች ስምምነት ያልቅ የነበረው የእርሻ ጉዳይ፣ ቀበሌው የማን ክልል ነው ወደሚል ክርክር ተለወጠ። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1995 እና በ1998 ደም ፈሰሰ። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ግጭቱ እንደገና ተነሣ፤ ጥቂት በርዶ የተፈናቀለው መመለስ ቢጀምርም፣ ወደ ሰኔ ገደማ ከፊተኛው ብሶ አገረሸ። የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንደሚያሳየው ከቀዬው የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ 1 ሚሊዮን ተጠጋ፤ የሚበዛውም ጌዴኦ ነበር።

ከዚህ ተነሥተው የጎንዶሮ ኃይል አልቋል የሚሉ አሉ። በዚህ አንስማማም። ጎንዶሮ ሥልጣኑ በደም ላይ ነው፤ ወሰንን የሚያሰምረው ግን ሽማግሌዎቹ ወንበር የሌላቸው ጽሕፈት ቤት ነው። መሬቱ የማን እንደሚሆን አብሮ ካልተፈታ፣ አባ ገዳው በቅን ልብ አስምሎ የሸኘው ገበሬ ወደ ማሳው ሲመለስ ያው የቀድሞው ክርክር ይጠብቀዋል።