ከ48 ወደ 10,000፦ የወላይታ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አጀማመር እና የአራቱ ዓመታት ጥያቄ



የዛሬው ገለጻዬ ከሁለት ቁጥሮች ይነሣል። በኤፕሪል 1937 የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን በኢጣልያ ወረራ ምክንያት ወላይታ ሶዶን ለቅቀው ሲወጡ፣ በአካባቢው የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው ያገኙት ምእመን ግን በ10,000 ይገመት ነበር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ሬይመንድ ዴቪስ በ1966 «እሳት በተራሮች ላይ» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ ባሳተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይህን ታሪክ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ፤ ከዚያ ወዲህ በስብከትም በጽሑፍም ሲደጋገም ኖሯል።

ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉም። የተጠመቀ ሰው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ 10,000 ግን ክብ ግምት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ በሁለቱ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ነው። ታሪኩን የጻፉት ሄደው የተመለሱት በመሆናቸው፣ እነርሱ ያልነበሩባቸው ዓመታት በመጽሐፋቸው ውስጥ እንደ ተአምር ብቻ ይታያሉ። አማኝ አንባቢ ተአምር ቢለው መብቱ ነው። የታሪክ ባለሙያ ግን በእነዚያ ዓመታት ማን፣ በምን መንገድ፣ በማን ወጪ ሠራ ብሎ መጠየቅ አለበት።

መልሱ ከ1928 በፊት ይጀምራል። ክርስትና ለወላይታ በዚያ ዓመት የደረሰ እንግዳ አልነበረም፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትና የሞቶሎሚ ትውፊት፣ የደብረ መንክራት ገዳምም ይህን ይመሰክራሉ። በ1894 የምኒልክ ሠራዊት ካዎ ጦናን ድል ከነሣ በኋላ ግን ሃይማኖት ከአዲሱ አገዛዝና ከገባር ሥርዓት ጋር ተያይዞ ታየ። ብዙው ገበሬ ቤተ ክርስቲያኑን የገዢው ቤት አድርጎ ተመለከተ። በሌላ በኩል የአገሩ የቀድሞ የእምነት ሥርዓት ከመንግሥቱ ጋር ተናግቶ ነበር።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ኤሳ ላሌ የተባለ ከጋሞ ምድር የተነሣ ሰባኪ የታየው። ኤሳ ሰዎች ለመናፍስት መገበርን እንዲተዉ፣ ፈጣሪን፣ ማለትም ጦሳን ብቻ እንዲለምኑ ያስተምር ነበር። የቤቱ አባት በእሑድ ቀን ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ወደ ሰማይ እየረጨ እንዲጸልይ አዘዘ። ሕዝብ ሲከተለው መንግሥት ሰጋና አሰረው። ፖል ባሊስኪ በ2009 ስለ ወላይታ ወንጌላውያን ባሳተመው ጥናት ለኤሳ ሰፊ ቦታ መስጠቱ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ሚሲዮናውያኑ ስለ አንድ ፈጣሪ ሲናገሩ ሰሚው ቃሉን ቀድሞ ያውቀው ነበርና።

በ1928 ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሩት ቡድን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሲወርድ ዓላማው ጅማ መድረስ ነበር፤ የጅማው ነገር አልሆነም። በምትኩ በከምባታ፣ በሲዳማና በወላይታ ተቀመጡ። በሶዶ ኦቶና ላይ ጣቢያ ተከፈተ፤ ሕክምናና ትምህርትም ተጀመረ።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ ላንሣ። ተማሪዎች ይህቺ ቤተ ክርስቲያን ባፕቲስት ናት ወይ ብለው በተደጋጋሚ ይጠይቁኛል። በስም አይደለችም፤ ድርጅቱ ከልዩ ልዩ የፕሮቴስታንት ቤተ እምነቶች የተውጣጡ ሰዎች ማኅበር ነበር። በሥርዓት ግን ከባፕቲስቶች ጋር በእጅጉ ትቀራረባለች። ሕፃን አይጠመቅም፤ በራሱ አንደበት ያመነ ሰው ውኃ ውስጥ ጠልቆ ይጠመቃል። አጥቢያዋም በራሷ ሽማግሌዎች ትተዳደራለች። የመጀመሪያው ጥምቀት እስከ 1933 የዘገየው እጩው ተምሮና ተመርምሮ እንዲቀርብ ስለተፈለገ ነው። 48 ትንሽ ቁጥር የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል፤ ከተጠመቁት በስተጀርባ የሚሰሙ፣ የሚማሩና የሚያመነቱ ብዙዎች ነበሩ።

ከሥርዓቱ ይበልጥ ወሳኝ የሆነው የገንዘቡ ነገር ነው። ሚሲዮናውያኑ የጸሎት ቤት አይሠሩላቸውም፣ ለአገሬው ሰባኪም ደመወዝ አይከፍሉም ነበር። እንጨቱን የሚቆርጠውም ሣሩን የሚከድነውም አማኙ ራሱ ነበር። በወቅቱ ይህ ንፍገት መስሎ የታየው ሰው አይጠፋም። ዳሩ ግን በ1937 የውጭ ሰዎች ሲወጡ የሚቋረጥ ደመወዝ አልነበረም፤ የሚዘጋ ካዝናም አልነበረም።

በኢጣልያ ዘመን የሆነውን ስናይ ይህ መሠረት ግልጽ ይሆናል። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ መሪዎች ታሰሩ። ዋንዳሮ ዳባሮ በሕዝብ ፊት ተገረፈ፣ ወኅኒም ገባ፤ ከተፈታ በኋላም ማስተማሩን አልተወም። በዚያን ጊዜ እስረኛን የሚመግበው ዘመዱ ነበር። ምእመናኑ ግን የሥጋ ዝምድና ለሌላቸው እስረኞች ምግብ ተሸክመው ወኅኒ ቤት ይመላለሱ ጀመር። ይህን ያየ ጎረቤት ጠየቀ፤ ጠይቆም ገባ። ከጎሳ ውጭ ላለ ሰው መገበር በወላይታ ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ለመስፋፋቱ ከየትኛውም ስብከት የማያንስ ምክንያት አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ወሬውም በገበያ፣ በለቅሶና በጋብቻ መንገድ ተጓዘ። እነዚህን መንገዶች ማንም ሚሲዮናዊ አልጠረጋቸውም።

ከጦርነቱ በኋላ ይኸው አሠራር ወላይታን ተሻግሮ ወደ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮና አሪ ዘለቀ። ወንጌላዊው ከነቤተሰቡ ይሄዳል፤ አጥቢያው መባ አዋጥቶ ይደጉመዋል። በ1944 የወጣው ስለ ሚሲዮኖች የተደነገገው ደንብ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ ሲያዝ፣ የንባብ ትምህርቱ በአማርኛ ፊደልና መጽሐፍ ተስፋፋ። እዚህ ላይ አንድ ምጸት አለ፦ የማዕከላዊውን መንግሥት ሃይማኖት በሩቁ ያየው ገበሬ፣ የማዕከላዊውን መንግሥት ቋንቋ ማንበብ የለመደው ባብዛኛው በጸሎት ቤቱ ነበር። ሙሉው አዲስ ኪዳን በወላይትኛ የታተመው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በደርግ ዘመን ሚሲዮናውያኑ ዳግም ወጡ፤ የኦቶናው ሆስፒታል በመንግሥት እጅ ገባ፤ በወላይታ እጅግ ብዙ አጥቢያዎች ተዘጉ። ሽማግሌዎቹ ግን ለዚህ ጊዜ የሚሆን ልምድ ነበራቸው። በቤት መሰብሰብን፣ ያለ ሕንፃና ያለ ውጭ ገንዘብ መቀጠልን አባቶቻቸው ከ1937 ጀምሮ አውቀውት ነበር። ስለዚህ የደርግን ዘመን ከአራቱ ዓመታት ለይቶ የሚያጠና ተመራማሪ ከፊሉን ማስረጃ ይተወዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ ልመለስ። የሚሲዮኑ ደብዳቤና ሪፖርት ባሕር ማዶ ተጠብቆ ይገኛል፤ መጻሕፍቱም በእንግሊዝኛ ናቸው። በአንጻሩ የአጥቢያ የመባ መዝገብ፣ የሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ፣ የወንጌላውያን ሚስቶች ትዝታ ያለው እዚሁ በየገጠሩ ነው። የመጨረሻው በተለይ አልተነካም፤ ወደ አሪና ጎፋ ከባሎቻቸው ጋር የወረዱት ሴቶች በታተሙት መጻሕፍት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስም እንኳ የላቸውም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ከመጠየቅ ጀምሩ፤ የዕድሜ ነገር ስለሆነ እስከሚቀጥለው ክረምት ባታቆዩት እመርጣለሁ።