ጥያቄው የጋራ፣ መልሱ የየራስ



ለዘንድሮው መጽሔት ስለ ምን ልጻፍ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ፣ አንድ የሰፈራችን ወጣት የጠየቀኝ ነገር ትዝ አለኝ። ሙስሊም ጎረቤታችን አርፈው ከለቅሶው ልንገባ ስንል ልጁ ወደ ኋላ ቀረና፣ «ጋሼ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ምን ብዬ ነው የምገባው?» አለኝ። እኔም በችኮላ፣ «‘አላህ ያጥናችሁ’ በልና ግባ» አልኩት። እንዳልኩትም አለ፤ ነገር ግን ቃሉ ካፉ ሲወጣ እንደ ከበደው ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ጥፋቱ የኔ ሆኖ አገኘሁት። የአባቶቻችን ሥርዓት ልጁን እንዲህ አያስጨንቀውም ነበርና።

እስቲ ሰላምታችንን ልብ ብለን እንመልከተው። «እንዴት አደራችሁ?» የሚል ሰው የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ደኅንነትን ነው የሚጠይቀው። ሰው እምነቱን የሚገልጸው ሲመልስ ነው። አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሌላው «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል። «ጤና ይስጥልኝ» ስንልም ሰጪውን በስም አንጠራም፤ ሰሚው በየልቡ ይሞላዋል። ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ «እንኳን አደረሳችሁ» ካልን ይበቃል። ቡና ተፈልቶ ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ ሙስሊሙ «አሚን»፣ ክርስቲያኑ «አሜን» ይላል፤ ይህም ያው አንድ ቃል ነው። «ሰላም» የሚለውም እንዲሁ ነው። ግዕዝና ዐረብኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች በመሆናቸው፣ ካህኑ በቅዳሴ ለሕዝቡ የሚሰጠው ሰላምና ሙስሊሙ «አሰላሙ አለይኩም» ሲል የሚሰጠው ሰላም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው።

እንግዲህ የሰላምታችን ጥበብ ይኸው ነው፤ ጥያቄው የጋራ፣ መልሱ የየራስ።

ይህ ጥበብ ለኛ አገር የተለየ ትርጉም አለው። መርሳና ሀብሩ የሚገኙበት የጁ የሁለቱ እምነቶች መገናኛ ሆኖ የኖረ ምድር ነው። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ፣ ዳግማዊ ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት በደጃዝማች ካሳ እስከ ተሸነፉ ድረስ፣ በጎንደር ቤተ መንግሥት ሥልጣኑን ይዘው የቆዩት የየጁ መኳንንት ነበሩ። እነዚህ መኳንንት ክርስቲያኖች ሲሆኑ የዘራቸው መጠሪያ ግን «ወረ ሼህ» ነበር፤ የሼህ ወገን ማለት ነው። እንዲያው የኛንስ የዘር ሐረግ ብንቆጥር፣ ካንድ አያት ሁለቱንም የማያገኝ ስንቱ ነው?

ታዲያ መልሱ ለየራስ ያልተተወበት ዘመንም ነበር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። እዚያም በክርስቲያኖቹ መካከል የነበረው የሃይማኖት ክርክር በትእዛዝ ተዘጋ፤ የሦስት ልደት ትምህርት ተከታዮች እምነታቸውን እንዲተዉ ተገደዱ። ወዲያውም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው በኋላ ንጉሥ የሆኑት ሚካኤል ተባሉ፤ ኢማም አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት አንቀበልም ብለው ተነሡ፤ ብዙ ሰው ተሰደደ፣ ደምም ፈሰሰ። ካፉ ክርስቲያን ከልቡ ሙስሊም የሆነውን ሕዝብ «ቀን ክርስቲያን፣ ሌት እስላም» ማለት የመጣውም በዚያው ዘመን ነው። የሰውን አፍ ማስገደድ ይቻል ይሆናል፤ ልቡን ግን አይቻልም።

የእኩልነቱ ነገርም ብዙ ዘመን ፈጀ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰላማዊ ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በመላ አገሪቱ የሚከበሩ በዓላት እንዲሆኑ ተደነገገ። ከዚያ በፊት ጎረቤት ለጎረቤቱ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲል መንግሥት በዓሉን ከቁጥር አላስገባውም ነበር። ጎረቤት ከአዋጅ ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ወደ እድራችን ልመለስ። ዛሬ በሁለት ወገን የሚያስቸግር ነገር አያለሁ። አንዳንዱ የሌላውን ሰላምታ መስማት እንኳ እምነት የሚያጎድል ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ እንደኔ፣ ፍቅር ማሳያ ነው ብሎ የሌላውን ቃል በሰው አፍ ያስገባል። ሁለቱም ሥርዓቱን መሳት ነው። ቁርኣን ሰላምታ የቀረበለት ሰው በተሻለው ወይም በዚያው ልክ እንዲመልስ ያዛል። ወንጌልም የራስን ወገን ብቻ ሰላም ማለት ምንም ብልጫ እንደሌለው ያስተምራል። ይሁን እንጂ «አሰላሙ አለይኩም»ን ሙስሊም ላልሆነ ሰው በማቅረብ ረገድ ሊቃውንቱ አንድ ሐሳብ የላቸውም። ስለዚህ ጎረቤታችን «እንዴት ዋላችሁ» ብሎን ቢያልፍ ቅር ልንሰኝ አይገባም። ክርስቲያኑም ለሙስሊም ሟች «ነፍስ ይማር» ቢል፣ በሚያውቀው ቃል አዘነ እንጂ አልደፈረም።

ምግቡን ተመልከቱ። ከድንኳናችን የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፤ በዚህ የሚቀየም የለም። ሐዘኑ ግን አንድ ነው። ቃላችንም እንደ ምግቡ ይሁን።

ያ ልጅ ባለፈው ሰሞን ከሌላ ለቅሶ አገኘኝ። የሟቹ ቤተሰብ ሙስሊሞች ነበሩ። ጎንበስ ብሎ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ባለ ሐዘኑ አዛውንትም ቀና ብለው፣ «አሚን፣ አንተንም አላህ ይባርክህ ልጄ» አሉት። ልጁም «አሜን» ብሎ ከጎናቸው ተቀመጠ። እኔ ያላስተማርኩትን ከዚያ ተማረ፤ እኔም አብሬው ተማርኩ።

ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።