ዱላህ ዑመር፦ ከጥብቅና ወደ ፍትሕ ሚኒስትርነት

የደቡብ አፍሪካ የነፃነት ትግል በተወሳ ቁጥር፣ በ1962 በአዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱትን የኔልሰን ማንዴላን ስም የማያነሣ የለም። ከዚያው ትግል የወጡትን ሙስሊሙን የሕግ ሰው ዐብዱላህ ሙሐመድ ዑመርን ግን በእኛ ዘንድ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። በአገራቸው «ዱላህ» ተብለው ይጠሩ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።)

ዱላህ ዑመር ከሕንድ ከፈለሱ ወላጆች በ1934 በኬፕታውን ተወለዱ። በ1957 ከኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። ዘመኑ ሰው የሚኖርበት ሰፈር እንኳ በቆዳው ቀለም የሚወሰንበት ነበር። እርሳቸውም ግፈኞቹን በራሳቸው ችሎት ሊሟገቱ ተነሡ። ማንዴላና ሮበርት ሶቡክዌ ከደንበኞቻቸው መካከል ነበሩ። በዚህም ምክንያት ራሳቸው ታሰሩ።

መታሰሩ አልበቃ ብሎ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የአገሪቱ ጦር ሠራዊት ሥውር ክፍል ሊገድላቸው አሤረ። መጀመሪያ በጥይት ታሰበ፤ ያ አልሆን ሲል የሚወስዱትን የልብ መድኃኒት በመርዝ ለመለወጥ ተዶለተ። አላህ ጠበቃቸው።

በ1994 ማንዴላ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ዱላህ ዑመር የፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ። የቀድሞዎቹ ሹማምንት ያለ ምርመራ በጅምላ ምሕረት እንዲደረግላቸው ይፈልጉ ነበር። የ1993ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥትም ምሕረት እንደሚኖር አስቀድሞ ቃል ገብቷል። ሚኒስትሩ ታዲያ መንገዱን አጠበቡት። በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት ምሕረት ፈላጊው እያንዳንዱ በየስሙ ቀርቦ፣ በፖለቲካ ዓላማ የፈጸመውን ወንጀል አንድም ሳያስቀር መናገር ግዴታው ሆነ። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የመሩት የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን የተቋቋመው በዚሁ ሕግ ነው። የሚገርመው፣ የመርዙን ሤራ የጠነሰሱት ሰዎችም በዚሁ ሕግ ቀርበው ያሰቡትን በአንደበታቸው ተናገሩ።

ለራስ የተደገሰን ሞት ይቅር ማለት የራስ ጉዳይ ነው። የሌላውን ደምስ ማን ይቅር ይላል? በሸሪዓችን ዓፍው የማድረግ መብት የሟች ወራሾች እንጂ የሹም አይደለም። በ1977 በፖሊስ እጅ የሞተው የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብም ይህንኑ የሚመስል ሙግት ይዞ ፍርድ ቤት ቆመ። በ1996 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸናው። እኔ የቤተሰቡ ጥያቄ በዚያ ፍርድ ተመለሰ ለማለት ይከብደኛል።

ይሁን እንጂ ወንፊቱ ቀላል አልነበረም። ካመለከቱት 7,112 ሰዎች ምሕረት ያገኙት 849 ብቻ ናቸው። የቢኮ ገዳዮች እውነቱን ስላልተናገሩ በ1999 ተከለከሉ። የተከለከለ ሰው ለፍርድ ይቀርባል ተብሎ ነበር፤ ዐቃቤ ሕግ ግን በ2003 ሊከሳቸው እንደማይችል አስታወቀ።

ዱላህ ዑመር በዚያን ጊዜ የፍትሕ ሚኒስትር አልነበሩም። ከ1999 ጀምሮ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆነው ነበር፤ በዚሁ ሥራ ላይ እንዳሉ ማርች 13 ቀን 2004 በካንሰር ሕመም ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።