አውራ (ቃል)

አውራ በአማርኛ መሪ፣ ዋና ወይም ወንድ የሚል ፍቺ ያለው የዘወትር ቃል ነው። አውራ ዶሮ፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጎዳና በሚሉት ጥምር ቃላት ይገኛል። ወንድነትና አለቅነት በአንድ ቃል መጠራታቸው ጎልቶ የሚታየው በንብ ስም ነው፤ በቀፎው ውስጥ እንቁላል የምትጥለው እንስት «አውራ ንብ» ትባላለች። እውነተኛው ወንድ ንብ ግን ድንጉላ ነው፤ መንጋውን አይመራም።

ንብ ማነብ የቆየ መተዳደሪያ በሆነበትና በነጭ ማሩ በሚታወቀው በዋግ ኽምራ፣ ማለትም በሰቆጣ፣ በዝቋላ ወረዳ (በኦሮሚያ ካለው የዝቋላ ተራራ የተለየ ነው) እና በአካባቢያቸው፣ አማርኛ የሚነገረው የአገው ቋንቋ ከሆነው ከኽምጥኛ ጎን ለጎን ነው። አናቢ ከቀፎ የወጣን መንጋ ለመመለስ መጀመሪያ አውራዋን ይፈልጋል፤ እሷ ከተያዘች ሌሎቹ ይከተላሉ። መሪ ያጣ ሰው «አውራ እንደሌለው ንብ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ንብንና ንግሥናን ማያያዝ በአካባቢው ጥንታዊ ነው። በጎረቤት ላስታ፣ የዛጉዌው ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡት ይተረካል፤ ስሙም በትውፊት «ንብ ንግሥናውን አወቀ» ተብሎ ይፈታል። የዋግ ሹሞችም ዘራቸውን ከዛጉዌ ይቆጥሩ ነበር።

እንዲህ ያለው ስያሜ የአማርኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ግሪኮች፣ ከነሱም በኋላ እንግሊዞች፣ ይህችኑ ንብ «ንጉሥ» ይሏት ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ በትለር በ1609 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንስትነቷን አስረግጦ ጻፈ፤ በእንግሊዝኛ «ንግሥት» የሚለው ስም ጸና፤ ጾታው ቢታረምም ዙፋኑ ቀረ። በኡዝቤክኛ «ኦና አሪ» ትባላለች፤ ትርጉሙም «እናት ንብ» ነው። ለተግባሯ ይበልጥ የሚቀርበው ይኸኛው ነው፤ ንቧ የምትወልድ እንጂ የምታዝ አይደለችምና።

ቃሉ በቤተሰብ ስያሜም አለ። «አባወራ» ከአባ እና ከአውራ የተገኘ ሲሆን የቤቱን ኃላፊ ያመለክታል። ባል የሞተባት፣ የፈታች ወይም ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር ሴት «እማወራ» ትባላለች። በዚህ ቃል ውስጥ አውራ የወንድነት ፍቺውን ጥሎ ኃላፊነትን ብቻ ይዟል። በፖለቲካም ከ2002 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ «አውራ ፓርቲ» የሚለው አጠራር ተለምዷል።

በአሁኑ ጊዜ የንብ እርባታ ጽሑፎች «ንግሥት ንብ» ሲሉ፣ ብዙ አናቢዎች ግን አውራ ማለቱን አልተዉም።