እበትና ማሳ የተለያዩበት መንገድ

«ሰርኩላር ኢኮኖሚ» የሚለው ስያሜ በየስብሰባው ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ቤት ትዝ ይለኛል። ቃሉ አዲስ ነው፤ ትርጉሙ ግን፣ ማለትም አንዱ የጣለውን ለሌላው ጥቅም ማዋል፣ ለዚያ ቤት እንግዳ አይደለም። ገለባው ለከብት ይቀርባል፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ግድግዳ ይሆናል። የጠላው አተላ ለከብት ይሰጣል። በእበቱ አውድማው ይለቀለቃል፣ ጎተራው ይመረጋል፣ ጓሮው ይዳብራል። የታረደው በሬ ቆዳ ጠፍርና አቅማዳ ይወጣዋል፤ ያለቀው ማረሻ በቀጥቃጭ እጅ ማጭድ ይሆናል።

ይህን የምቆጥረው ያለፈውን ዘመን ለማሞካሸት አይደለም። ይህን ዑደት በሙያቸው ይገጥሙ የነበሩት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ አልፊው በገዛ አገራቸው «ቡዳ» እየተባሉ የተገለሉ ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ጥልቀት ይመሰክራል።

ትልቁ መቋረጥ ግን የመጣው በምድጃ በኩል ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ባለፍኩ ቁጥር ዐይኔ በየደጁ በተቆለለው ኩበት ላይ ያርፋል። ደን ሲመነጠር ማገዶ ጠፋ፤ ማገዶ ሲጠፋ ለማሳ ይገባ የነበረው እበት ተጠፍጥፎ ኩበት ሆነ። ኩበት ሲነድ አፈሩ የሚፈልገው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይበናል፤ ውኃ የሚይዝለት ብስባሽም አብሮ ይነድዳል። ታዲያ እንዲህ የተራቆተ አፈር ክረምት ሲገባ በጉና ተዳፋት ላይ ምን ይሆናል? ከፊሉ በርብና በጉማራ ወደ ጣና፣ ከወዲያ ማዶ ያለውም በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1978 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ጥናት፣ ከደጋው በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገምቶ ነበር። 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬትም ሰብል የማብቀል ተስፋው እንደተሟጠጠ አመለከተ። ይህ የተባለው የ1977ቱ ረሃብ ሐዘን ገና ሳይወጣ ነው። ድርቅና ጦርነት ያባባሱትን ያን ረሃብ፣ የተራቆተ መሬት ሊመክተው ከቶ አይችልም ነበር።

ከዚሁ አገር የተገኘ ሌላ ጥናት ግን ተስፋ አለው። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከብት እንደልቡ የሚገባበት ደን ችግኙ ለማደግ እንደሚቸገርም አሳይተዋል። በኋላም ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በአንዳንድ አጥቢያዎች የድንጋይ አጥር እንዲሠራ አደረጉ። ድንጋዩ የተለቀመው ከአካባቢው ማሳ ነው። ሞፈር ያስቸገረው ድንጋይ ደኑን ጠበቀ፤ ለገበሬውም ማሳው ጠራለት።

ይህ ሥራ የተሳካው ካህኑም ገበሬውም ጥቅሙን በዐይኑ ስላየ ይመስለኛል። የኩበቱም ነገር ከዚህ አይለይም። የጋይንት እናት ኩበት የምታነደው እበት ለማሳ እንደሚበጅ ጠፍቷት አይደለም፤ እራት መብሰል ስላለበት ነው። እንጨት ቆጣቢ ምድጃና በቅርብ የሚተከል የማገዶ ዛፍ ከምክር ይልቅ የሚረዷት ለዚህ ነው። እበቱን ወደ ማሳው ልመልስ የሚል ሁሉ በቅድሚያ ለምድጃዋ ሌላ ማገዶ ይፈልግላት።