የሂልቨርሰም ማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ

«ማዘጋጃ ቤት» የሚለው ቃል ለብዙ አማርኛ ተናጋሪ ሰልፍን፣ ማኅተምን፣ «ነገ ተመለስ»ን ያስታውሳል። ከአምስተርዳም ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ሂልቨርሰም ግን ቃሉ የአንድን ሰው ስም ይዞ ይመጣል፤ ቪለም ማሪኑስ ዱዶክ። ሰውዬው ለአርባ ዓመት ያህል የዚያ ማዘጋጃ ቤት ደመወዝተኛ ነበር።

ዱዶክ እ.ኤ.አ. በ1884 አምስተርዳም ውስጥ ከሙዚቀኞች ቤተሰብ ተወለደ። እሱ ግን ብሬዳ በሚገኘው የጦር አካዳሚ ምህንድስና ተምሮ መኮንን ሆነ። በ1915 የሂልቨርሰም የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ ሆኖ ሲቀጠር፣ ቦታዋ ትልቅ ሥራ ለሚመኝ አርክቴክት የምታጓጓ አልነበረችም። ሸማኔዎች የሚኖሩባት መንደር ነበረች፤ በ1874 ባቡር ከገባላት ወዲህ የአምስተርዳም ሀብታሞች መኖሪያ ይሠሩባት ጀመር። የከተማነት መብት አግኝታ አታውቅም፤ ነዋሪዎቿ ዛሬም «መንደሩ» ይሏታል።

ሥራው የጀመረው ዝና ከማይገኝበት ቦታ ነው፦ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ቄራ፣ ቤታቸው መታጠቢያ ለሌላቸው ሰዎች የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ የመቃብር ስፍራ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትምህርት ቤቶች። በ1921 የተሠራው የባቪንክ ትምህርት ቤት ጡብ በጡብ ላይ ተደራርቦ፣ ከፍ ያለ ማማ ይዞ ቆሟል። ፋብሪቲዩስ የተባለው ሌላው ትምህርት ቤት ደግሞ እንደ ገጠር ቤት የሣር ክዳን ለብሷል። ዘመናዊ የሚባል አርክቴክት በሣር መክደኑ ያስገርም ይሆናል፤ ዱዶክ ግን ከዘመኑ ጎራዎች ለአንዱም ሙሉ በሙሉ አልገባም። ልጅ የሚማርበትን ቤት ልጁ በሚያውቀው ነገር ሸፈነው፤ በቃ።

በ1928 «የከተማው አርክቴክት» የሚል ማዕረግ ሲሰጠው፣ ከአራት ዓመት በፊት የነደፈው አዲሱ ማዘጋጃ ቤት ግንባታም ተጀመረ። በ1931 አለቀ። ቢጫ ጡብ፣ ጌጥ የሌለው ግድግዳ፣ ውኃ ላይ ጥላውን የሚጥል ረጅም ማማ። የቤት ዕቃውን ሳይቀር እሱው ነደፈው። ካሜራ ይዞ የሚመጣ ጎብኚ ይህን አይቶ ይመለሳል። ይሁን እንጂ የሰውዬውን ልክ የሚያሳዩት ትምህርት ቤቶቹ ናቸው። ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት መጨነቅ ማንንም አያቅትም፤ ለሸማኔ ልጅ መማሪያ ክፍል ያንኑ ያህል መጨነቅ ግን ሹማምንት ዘንድ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ብዙም የማይነሳ ሌላ ሥራ አለው። በ1930ዎቹ ባወጣው የማስፋፊያ ዕቅድ፣ ዙሪያውን ያለው ሜዳና ጫካ እንዳይበላ ከተማዋ የት ላይ ማደጓን ማቆም እንዳለባት ወሰነ። ሥራው መገንባት የሆነ ሰው «እዚህ ላይ ይብቃ» ማለቱ ነው።

ከሂልቨርሰም ውጭ የሠራቸው ሁሉ እንዲህ አልዘለቁም። በ1930 ሮተርዳም ውስጥ ያቆመው ባለ መስታወት ትልቅ የገበያ አዳራሽ በግንቦት 1940 በጀርመን የቦምብ ድብደባ ክፉኛ ተጎዳ፤ የተረፈው ክፍልም በ1960 ፈረሰ። ክብሩም ከሩቅ መጣ፤ በ1935 የእንግሊዝ፣ በ1955 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበራት የወርቅ ሜዳሊያ ሸለሙት። በሁለቱ ሽልማቶች መካከል፣ በ1954፣ ከሥራው ተሰናብቷል።

በ1974 እዚያው ሂልቨርሰም ውስጥ አረፈ። ማዘጋጃ ቤቱ በኋላ ሰፊ እድሳት ተደርጎለት ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ ሙሽሮች ለጋብቻ ፊርማ በዚያ ማማ ሥር ያልፋሉ።